የውሃ ፓምፑ ሲሞት ማንን ይዞ ይሞታል? የአራት አሮጌ ስፖርት መኪናዎች ንጽጽር

ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ የማውቀው ልጅ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ አሮጌ ስፖርት መኪና ልገዛ ነው። ማዝዳ ሚያታ፣ ፖርሽ 944፣ ሸቭሮሌት ኮርቬት እና ፖርሽ ቦክስተር አግኝቻለሁ። የቱን ልውሰድ?» የፈረስ ጉልበታቸውን፣ ቀለማቸውን፣ የወንበራቸውን ቆዳ ሳይቀር ዘረዘረልኝ። «የውሃ ፓምፓቸው መቼ ተቀየረ?» አልኩት። ዝም አለ።

የሞተሩን ማቀዝቀዣ ውሃ (ኩላንት) የሚያዞረው ፓምፕ ራሱ ያን ያህል ውድ ዕቃ አይደለም። ሃያና ሠላሳ ዓመት የኖረ መኪና ላይ ማፍሰሱም አያስደንቅም። ግን አንዱ መኪና ላይ ፓምፑ ብቻውን ይሞታል፣ ሌላው ላይ ሞተሩን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ አራቱን በፍጥነታቸው ሳይሆን ፓምፓቸው በተቀመጠበት ቦታ ላነጻጽራቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ግን ፍሳሽ እንዴት እንደሚያዝ። ሞተሩ ሳይነሳ፣ በቀዝቃዛው ድረሱ። አንዳንድ ፍሳሽ የሚታየው ብረቱና ጎማው በብርድ ሲኮማተር ብቻ ነው፤ ሲሞቅ መልሶ ይዘጋል። ሻጩ «አሙቄ እጠብቃችኋለሁ» ካለ ለእናንተ አዝኖ አይደለም። የታጠበ ሞተርም ደስ አይለኝም። የደረቀ ኩላንት አረንጓዴ፣ ብርቱካናማ ወይም ነጭ ቅርፊት ጥሎ ነው የሚያልፈው፤ ያንን ማስረጃ በሳሙና ያጠበ ሰው ምን እንደደበቀ አይታወቅም።

ከዚያ ክዳኑን ከፍታችሁ (በሞቀ ሞተር ላይ በፍጹም እንዳትሞክሩት) የግፊት መሞከሪያ ትገጥማላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ትልልቆቹ የመለዋወጫ ሱቆች በመያዣ ያውሱታል። ክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ግፊት ነፍታችሁ ሩብ ሰዓት ጠብቁ። ቀስቱ ከወረደ ውሃ የሚወጣበት ቦታ አለ ማለት ነው። ጠብታ ካያችሁ ወደ ላይ ተከተሉት። ውሃ ወደ ታች ይፈሳል፣ የመንገዱ ንፋስ ደግሞ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ስለዚህ ምንጩ ብዙ ጊዜ ከረጠበው ቦታ በላይና ወደ ፊት ነው። ቀስቱ እየወረደ ጠብታ ከሌለ ግን ነገሩ የውስጥ ነው። ውስጡ ምንጣፉ ከረጠበ፣ መስታወቱ በሚያጣብቅ ጉም ከተሸፈነ፣ ጣፋጭ ሽታ ካለ የማሞቂያው ራዲያተር ነው። እነዚህ ሁሉ ከሌሉ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ተቃጥሎ ውሃው ወደ ሲሊንደር እየገባ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ አመስግናችሁ ሂዱ።

ፓምፑ ላይ የምትፈልጉት ከዘንጉ በታች ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ ነው። የተሠራችው ለማስጠንቀቅ ነው፤ የውስጡ ማሸጊያ (ሲል) ሲያልቅ ውሃው ኩሽኔታው ላይ ከመጠራቀም በእሷ በኩል ወደ ውጭ ይንጠባጠባል። እዚያ ቅርፊት ካለ ፓምፑ መሰናበት ጀምሯል። ፓምፑ በውጭ ቤልት የሚዞር ከሆነ ደግሞ ሞተሩን አጥፍታችሁ ቤልቱን አላሉና ፑሌጃውን በእጅ ነቅንቁት፤ ከተወዛወዘ ኩሽኔታው አልቋል።

ሚያታ፣ የመጀመሪያው ትውልድ፣ 1989–1997

ፓምፑን የሚያዞረው የውጭ ቤልት ነው፤ አካሉ ግን ከታይሚንግ ቤልቱ (ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር በጊዜ የሚያስማማው ቤልት) ጋር በፕላስቲክ መሸፈኛ ውስጥ ስለተደበቀ ቀዳዳዋን አታዩዋትም። ጠብታው ከሞተሩ ፊት ከታች ይወጣል። ደግነቱ ታይሚንግ ቤልቱ ቢበጠስ እንኳ በዚህ ሞተር ላይ ቫልቭና ፒስተን አይነካኩም። መኪናው መንገድ ላይ ይቆማል፣ እናንተ ትናደዳላችሁ፣ በጎታች ትመለሳላችሁ፤ ያ ብቻ ነው። የታይሚንግ ቤልቱ ቀጠሮ 60,000 ማይል ነው፤ ያኔ ፓምፑን አብሮ መቀየር ነው።

ኮፈኑን ስትከፍቱ በመጀመሪያ የራዲያተሩን የላይ ፕላስቲክ እዩ። አዲስ ሲሆን ጥቁር ነው፤ ወደ ቡኒ ካደላ ሊሰነጠቅ ተቃርቧል። የ1990 እና የ1991 መጀመሪያ መኪናዎች ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ የክራንካቸው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) የፊት ጫፍ አጭር ነው። ቤልት የቀየረ ሰው የፊቱን ቡሎን በልኩ ካላጠበቀው ፑሌጃው እየተወዛወዘ ክራንኩን ይበላዋል።

ፖርሽ 944፣ 1982–1991

እዚህ ላይ ቁጭ ብለን እንነጋገር። 944 ላይ ፓምፑን የሚያዞረው ታይሚንግ ቤልቱ ራሱ ነው፣ በጀርባው። ስለዚህ ፓምፑ ተጣብቆ ቢቆም ቤልቱን ይዞ ይሄዳል። የ944 ሞተር ደግሞ ቤልቱ ሲበጠስ ወይም ጥርሱ ሲረግፍ አይምርም፤ ፒስተኖቹ ወጥተው የተከፈቱትን ቫልቮች ይመታሉ፣ ቫልቮቹ ይጎብጣሉ፣ ቴስታታው ይወርዳል። ሚያታ ላይ የጎታች ክፍያ የነበረው እዚህ የመኪናው ዋጋ ይሆናል።

ስለዚህ ደረሰኙን በጥንቃቄ አንብቡ። «ቤልት ተቀይሯል» የሚል ብቻውን ለእኔ ግማሽ ዜና ነው፤ ፓምፑስ? ቤልቱ የሚሄድባቸው ሮለሮችስ? አዲስ ቤልት የደከመ ፓምፕ ላይ መጠምጠም አዲስ ገመድ በነቃ ባልዲ ላይ እንደማሰር ነው። ከ1987 ጀምሮ የመጡት በስፕሪንግ የሚረዳ መወጠሪያ አላቸው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ላይ ውጥረቱ በመካኒኩ እጅ ነው፤ ያላላው ቤልት ይዘላል፣ ከልክ በላይ የወጠረው ደግሞ የፓምፑን ኩሽኔታ ይገድላል። ወረቀት የሌለው 944 ስትገዙ ሻጩ የፈለገውን ቢምልም ከዋጋው ላይ የቤልትና የፓምፕ ሥራን ሙሉ ወጪ ቀንሱ።

በሌላ በኩል ብዙ ገዢ የሚሸሽበት አንድ ነገር አለ። የውሃ ማጠራቀሚያው ውስጥ ቡናማ ማዮኔዝ የመሰለ ነገር ሲታይ ሁሉም «ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል» ብሎ ይሄዳል። በዚህ ሞተር ላይ ግን ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ሞተሩ ላይ የተገጠመው የዘይት ማቀዝቀዣ ሲሎች ናቸው። ሲሎቹ ርካሽ ናቸው፤ አሰልቺው ሥራ ዘይቱን ከውሃው መስመር አጥቦ መጨረስ ነው። የመጨመቅ ፈተናው ደህና ከሆነ ጥሩ መደራደሪያ ነው።

ኮርቬት ሲ4 (አራተኛው ትውልድ)

ውጭው አንድ ዓይነት ቢመስልም ለእኛ ጉዳይ ሁለት መኪና ነው። ከ1985 እስከ 1991 ያለው ኤል98 ሞተር ፓምፑን በውጭ ቤልት ያዞራል፣ ዲስትሪቢዩተሩም (የካንዴላዎቹን እሳት የሚያከፋፍለው) ከሞተሩ ኋላ ነው። ፓምፑ ሲያፈስ መሬት ይረጥባል። በቃ።

በ1992 የመጣው ኤልቲ1 ኃይሉ 300 ፈረስ ጉልበት ነው፣ ገዢውም የሚሮጠው ወደ እሱ ነው። መሐንዲሶቹ ግን ኦፕቲስፓርክ የሚባለውን ዲስትሪቢዩተር ከሞተሩ ፊት፣ ልክ ከውሃ ፓምፑ ሥር አስቀመጡት። ያቺ የማስጠንቀቂያ ቀዳዳ የምትንጠባጠበው በብርሃን ጨረር የሚሠራ ኤሌክትሮኒክስ ላይ ነው! ምልክቱ እርጥበት ሲኖር ሞተሩ መንተባተቡ ነው። መካኒኩ ካንዴላ ይቀይራል፣ ሽቦ ይቀይራል፣ አይድንም። ኦፕቲስፓርኩን ብቻ ቀይሮ ፓምፑን የተወ ሰው ደግሞ ከጥቂት ወራት በኋላ ይመለሳል። ከ1995 ወዲህ ያለው አየር የሚያስተነፍስ ቱቦ ስላለው ይሻላል፤ ከላይ የሚፈስበትን ኩላንት ግን አይከለክልም። ኤልቲ1 ካማራችሁ ፓምፕና ኦፕቲስፓርክ አብረው የተቀየሩበትን ደረሰኝ ጠይቁ።

ቦክስተር 986፣ 1997–2004

ስለዚህ መኪና ሰው ሁሉ የሚያወራው አይኤምኤስ ስለሚባለው፣ ሲሰበር ሞተሩን ስለሚገድለው የውስጥ ዘንግ ኩሽኔታ ነው። እውነት ነው፣ ግን በዚያ ጫጫታ የውሃው ጉዳይ ይረሳል። የፋብሪካው ፓምፕ የሚገፋበት ክንፍ ፕላስቲክ ነው፤ ሲያረጅ ይሰበርና ስብርባሪው በሞተሩ የውሃ መንገዶች ውስጥ ይበተናል። ባለ ብረት ክንፍ ፓምፕ ይሸጣል፤ ነገር ግን ክንፉ የሚዞረው በሞተሩ ብሎክ ውስጥ በተቦረቦረ ቦታ ስለሆነ ኩሽኔታው ሲላላ ብረቱ ብሎኩን ይፍቃል። እኔ ፕላስቲኩን በየጊዜው መቀየር እመርጣለሁ። ከመግዛታችሁ በፊት የኋላውን ሻንጣ ምንጣፍ አንሱ፤ የውሃ ማጠራቀሚያው እዚያ ነው፣ ሲሰነጠቅ ሥሩ ይረጥባል። ራዲያተሮቹ ደግሞ ከፊት፣ በግራና በቀኝ ናቸው፤ ቅጠል ተጠቅጥቆባቸው እርጥበት እየያዘ ይበላቸዋል።

የመጀመሪያ መኪናው ለሆነ ሰው መልሴ ሚያታ ነው፣ ያለ ማመንታት። ድምፅና ጉልበት ለሚፈልግ ኤል98 ኮርቬት። 944 ወረቀቱ ሙሉ ከሆነ ከአራቱም በመንዳት ደስታው እኔን ይማርከኛል፤ ወረቀት ከሌለው ግን ነጻ ቢሰጠኝም አስብበታለሁ። ቦክስተር መካኒኩን በወር አንዴ ማየት ለማይከፋው።

ልጁ ግን ቅዳሜ የሄደው የ1994ቱን ኮርቬት ሊያይ ነበር። ሻጩ ከመኪናው ሥር የተዘረጋ ካርቶን አንስቶ ሊጥል ሲል «ቆይ ልየው» አለው። ከፊት በኩል፣ መሃሉ ላይ፣ የሳንቲም ያህል የሰፋ አረንጓዴ ክብ ነበረበት። አምስት መቶ ዶላር ቀነሱለት። አልገዛም።