የድሮው ፌንደር ትዊን ሪቨርብ፦ ከመግዛታችሁ በፊት ጀርባውን እዩ

ጥርት ያለ የጊታር ድምፅ ለሚፈልግ ባንድ ከትዊን ሪቨርብ የሚበልጥ አምፕሊፋየር ማግኘት ይከብዳል። ትዝታም ሆነ አንቺሆዬ ሲመታ እያንዳንዱ ኖታ ለብቻው ይሰማል፤ ድምፁ ሲጨመርም ቶሎ አይሰነጠቅም። ፌንደር በ1963 እ.ኤ.አ. ካወጣው ወዲህ መሠረቱ ያው ነው፦ አራት 6ኤል6ጂሲ ቲዩብ (ድምፅ የሚያጎላ የመስታወት አምፖል) እና ሁለት ባለ 12 ኢንች ስፒከር። ኃይሉ መጀመሪያ 85 ዋት ነበር፤ በ1970ዎቹ 100፣ በኋላም 135 ደረሰ። ስለ ድምፁ ብዙ ተብሏል። እዚህ የምንመዝነው የስፒከር መውጫውን ነው፤ ምክንያቱም አሮጌ ትዊን ላይ የሚያጋጥመው ከባድ ብልሽት በአብዛኛው ሰው እዚያ ጋ ከነካካ በኋላ የሚመጣ ነው።

አውትፑት ትራንስፎርመሩ፣ ማለትም የቲዩቦቹን ኃይል ወደ ስፒከሩ የሚያስተላልፈው ጥቅል፣ የተሠራው ለ4 ኦም ጭነት ብቻ ነው (ኦም ስፒከሩ ለኤሌክትሪኩ የሚያሳየው ተቃውሞ መለኪያ ነው)። ፋብሪካው ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮችን በፓራለል (ጎን ለጎን) አገናኝቶ 4 ያደርጋቸዋል። ማርሻል አምፖች ላይ ያለው የ4፣ 8፣ 16 መምረጫ እዚህ የለም፤ ትልቁ ጉድለቱም ይሄ ነው። ጅማ ላይ ስፒከር ሲቃጠል ቶሎ የሚገኘው የመኪና ስፒከር ሲሆን አብዛኛው 4 ኦም ነው። ከባለ 8ቱ አንዱን አውጥቶ እሱን መተካት ድምሩን ወደ 2.7 ኦም ያወርደዋል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ኃይሉ እኩል አለመከፈሉ ነው፦ ሁለት ሦስተኛው ወደ አዲሱ ስፒከር ይሄዳል፣ ድምፁም ይታፈናል። የግድ ከሆነ ሁለቱንም በባለ 4 ቀይሮ በሲሪየስ (አንዱን ከሌላው አስከትሎ) ማገናኘት 8 ኦም ይሰጣል፤ ጉልበት ይቀንሳል እንጂ ትራንስፎርመሩ ይችለዋል። ሁለት ባለ 8 በሲሪየስ ግን 16 ኦም ነው፤ እሱን አታድርጉት። በቴስተር ስትለኩ ቁጥሩ አነስ ብሎ ቢመጣ አትደንግጡ፦ ባለ 8 ኦም ስፒከር 6 ወይም 7 ያነባል፣ ጥንዱ በፓራለል ከ3 ትንሽ ከፍ ይላል።

አሁን ወደ ጃኩ፣ ማለትም የስፒከሩ ፕለግ ወደሚሰካበት ቀዳዳ። ከኋላ ጎን ለጎን ሁለት አሉ፤ አንዱ ዋናው የስፒከር ጃክ፣ ሌላው የተጨማሪ ስፒከር። ሁለቱ አንድ ዓይነት ይመስላሉ እንጂ አይደሉም። ዋናው ጃክ ውስጥ ትንሽ ምላስ አለች፤ ፕለጉ ሲነቀል ተመልሳ መውጫውን ከግራውንድ (ከአምፑ የብረት አካል) ጋር ታጋጥመዋለች፣ ማለትም ሾርት ታደርገዋለች። ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ቲዩብ አምፕሊፋየር ለጊዜው ሾርት ቢሆን ይታገሣል፤ ስፒከር ሳይኖረው ሲመታ ግን በትራንስፎርመሩ መግቢያ ጥቅል ላይ ያለው ቮልቴጅ ከሺህ በላይ ሊዘል፣ በቲዩቡ ሶኬት ላይ ብልጭታ ሊፈጥርና የጥቅሉን ኢንሱሌሽን ሊበሳ ይችላል። ፕለጉን በተጨማሪው ጃክ ብቻ ከሰካችሁት ዋናው ሾርት እንደሆነ ስለሚቀር ድምፅ አይወጣም፤ "ሞቷል" ተብሎ ጥገና ቤት የሚሄደው አንዳንዱ ትዊን ምንም ያልሆነ ነው።

በጅማ እርጥበት ይህች ምላስ ትጠቁራለች። ጠጋኙ ጃኩን በተራ ጃክ ሲቀይረው አምፑ ይሠራል፣ መከላከያው ግን ሄዷል። ይህን ለማጣራት ቴስተሩን ጃኩ ላይ ማድረግ ብቻውን አይበቃም፤ የትራንስፎርመሩ መውጫ ጥቅል ራሱ ከ1 ኦም በታች ስለሆነ ሁልጊዜ ሾርት ይመስላል። አምፑን ከሶኬት ንቀሉ፣ የፊልተር ካፓሲተሮቹን በሬዚስተር አራግፉ (ከ400 ቮልት በላይ ይዘው ይቆያሉ)፣ መራገፋቸውንም ለኩ። ከዚያ አረንጓዴውን የትራንስፎርመር ሽቦ ከጃኩ ላይ በካውያ አንሡት። ጃኩ ባዶ ሲሆን 0 ኦም ማንበብ አለበት፤ ሽቦ ያልተበየደበት ባዶ ፕለግ ሲገባ ደግሞ 900 ኦም ገደማ። ይህ 900 የፊድባክ መስመሩ (ከመውጫው ጥቂት ምልክት ወደ አምፑ የሚመልሰው) ነው፤ ባለ 820 ኦሙ ሬዚስተር ከዚሁ ጃክ ይነሣል። ጃኩ ፕላስቲክ ከሆነ ወደ ሻሲው የሚሄድ የግራውንድ ሽቦ መኖሩን እዩ፤ ብረቱ ጃክ ግን ግራውንድ የሚያገኘው በብሎኑ ነው፤ ስለዚህ ብሎኑ ሲላላ ድምፁ ይቆራረጣል።

ትራንስፎርመሩ ተቀይሮ አምፑ ገና ሲከፈት ቢጮህ ፊድባኩ ተገልብጧል ማለት ነው። ወደ ቲዩቦቹ የሚሄዱትን ሰማያዊና ቡናማ ሽቦዎች አቀያይሩ፣ ጩኸቱ ያቆማል።

ከማሻሻያዎቹ ውስጥ ያለ ማመንታት የምንመክረው አንድ ነው፦ በዋናው ጃክ ላይ፣ ከስፒከሩ ጋር በፓራለል፣ 470 ኦም 5 ዋት ሬዚስተር መበየድ። አምፑ 85 ዋት ሲያወጣ እንኳ ሬዚስተሩ 1 ዋት አይበላም፤ ገመዱ ተሰክቶ ሳለ ውስጡ ቢበጠስ ግን ትራንስፎርመሩ ጨርሶ ባዶውን አይሆንም። ለትንሽ አዳራሽ ቲዩብ መቀነስም ይቻላል፤ የሚነሡት ዳር ያሉት ሁለቱ ወይም መሃል ያሉት ሁለቱ ናቸው፣ ከአንድ ወገን ሁለቱን በፍጹም። በሁለት ቲዩብ ተስማሚው ጭነት 8 ኦም ስለሚሆን አንዱን ስፒከር አለያዩት፤ የቀረው 40 ዋት ገደማ የሚችል መሆኑን አረጋግጡ። ከስፒከር ጃክ ወደ ሚክሰር በቀጥታ መስመር መሳብን ግን አጥብቀን እንቃወማለን። ሰርግ ላይ ድምፁን በሞንታርቦ ለማውጣት ተብሎ ስፒከሩ ተነቅሎ ገመዱ ወደ ሚክሰር ከገባ መውጫው ያለ ጭነት ቀረ ማለት ነው። ስፒከሩ ተሰክቶ ይቆይና 10 ኪሎኦም እና 1 ኪሎኦም ከፋፍለው ከ2 ቮልት በታች ያድርሱት፤ ወይም ፊት ለፊቱ ማይክሮፎን ማቆም ይሻላል፣ ድምፁም ይበልጥ ያምራል።

ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው ትዊን በእኛ 220 ቮልት በቀጥታ አይሰካም፤ ጉልበት ያለው ማውረጃ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። ባለ ሁለት እግር ፕለግ ከሆነ ባለ ሦስት አድርጉት፣ ግራውንድ ስዊቹ ላይ ያለችውን 0.047 ማይክሮፋራድ ካፓሲተርም አንሡ፤ እሷ ስትበላሽ ጊታሪስቱን ከነማይኩ ኤሌክትሪክ ትይዘዋለች።

ከአዲስ አበባ 350 ኪሎሜትር ገደማ በመኪና ሲናጥ የመጣ 29 ኪሎ የሚያህል አምፕ ወዲያው አይከፈትም። ስፒከሮቹ ላይ የሚሰኩትን ማገናኛዎች በእጅ ሳብ አድርጉ፣ ቲዩቦቹን ወደ ሶኬታቸው ጫን በሉ። የስፒከሩ ገመድ የጊታር ገመድ እንዳይሆን፤ ቀጭኑ ሽቦው ይሞቃል፣ ሊቀልጥም ይችላል። ባለ 2 መስመር 1.5 ካሬ ሚሊሜትር የመብራት ገመድ ሂርማታ አካባቢ ከየትኛውም የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ገዝታችሁ ፕለግ ብትበይዱበት ይበቃል። ከአዲስ አበባ ማስመጣት የሚያስፈልገው ምላስ ያለው የብረት ጃክ ነው፤ ስዊችክራፍት 12ኤ በሉ፣ አንድ መለዋወጫም ጨምሩበት።