የሊቲየም ምርመራ በሰፈራችን ላቦራቶሪ፦ የሚመሰገነውና የሚወቀሰው

ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት የአእምሮ ሕመም) ያለበት ታናሽ ወንድሜ ሊቲየም ካርቦኔት መውሰድ ከጀመረ ስድስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ በደሙ ውስጥ ያለውን የመድኃኒቱን መጠን ለማስለካትም በየሦስት ወሩ በሰፈራችን ወዳለ አንድ የግል ላቦራቶሪ እንሄዳለን።

የናሙና ክፍሉ ምስጋና ይገባዋል። ባለሙያዋ መርፌ ሳታነሳ በፊት የመጨረሻውን ክኒን ስንት ሰዓት እንደዋጠ ትጠይቃለች፤ ናሙናው መወሰድ ያለበት ከ12 ሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ ማታ 3 ሰዓት የዋጠ ሰው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይቀዳለታል። ቀደም ሲል በሄድንበት ሌላ ቦታ ግን ክኒኑን በዋጠ በሁለት ሰዓቱ ቀድተውት፣ ከፍ ብሎ በወጣው ቁጥር በከንቱ ደንግጠን ነበር። ለደሙ የሚመረጠው ብልቃጥም ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ አንዳንዱ ደም እንዳይረጋ ራሱ ሊቲየም ያለበት ሄፓሪን ስለሚጨመርበት ውጤቱን በሐሰት ያንረዋል። እዚህ እንዲህ ያለ ስሕተት ገጥሞን አያውቅም።

ወቀሳዬ ውጤት አሰጣጡ ላይ ነው። ዓምና ወንድሜ ለጥርስ ሕመም ከመድኃኒት ቤት ዲክሎፌናክ ገዝቶ አምስት ቀን ወሰደ። የቡና ሲኒው በእጁ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ይህ ከለመድነው ቀጭን መንቀጥቀጥ የተለየ፣ ቡናውን እስከ ማፍሰስ የደረሰ ነበር። ተቅማጥ ተከተለ፣ ምላሱ ተሳሰረ፣ ሲራመድም ይንገዳገድ ነበር። እኔም ሞኝ፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል በመሮጥ ፈንታ አስመርምሬ ውጤት ልጠብቅ አልሁ። የተለመደው መጠን በአንድ ሊትር ደም ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል ሆኖ ሳለ የእሱ 2.1 ወጥቶ፣ ወረቀቱ እስክንወስደው ድረስ መሳቢያ ውስጥ አደረ፤ የደወለልን ሰው አልነበረም።

ሆስፒታል እንደደረስን ሊቲየሙ ቆመ፣ ጉሉኮስ ሳይሆን ኖርማል ሳላይን (ጨው ያለበት ፈሳሽ) በደም ሥሩ ተሰጠው፣ ኩላሊቱ ተመረመረ፣ መጠኑም ደጋግሞ ተለካ፤ ዲያሊሲስ (ደምን በመሣሪያ ማጣራት) ሳያስፈልገው ተረፈ። ሐኪሙ እንዳስረዱን ሊቲየምን ከሰውነት የሚያስወጣው ኩላሊት ሲሆን፣ እንደ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች፣ እንደ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ያሉ የደም ግፊት መድኃኒቶች፣ እንዲሁም ትውከት፣ ተቅማጥና የሰውነት ውኃ ማነስ መድኃኒቱ በደም ውስጥ እንዲከማች ያደርጋሉ። ምልክቱ ከታየ ደግሞ ቁጥሩ ልክ ቢመስልም እንኳ ሳይዘገዩ መምጣት እንደሚገባ አጥብቀው ነገሩን።

ላቦራቶሪውን አልተውነውም። ባለፈው ወር በማዘዣው ግርጌ «ከ1.5 በላይ ከሆነ በዚህ ቁጥር ይደወል» ብዬ በቀይ ብዕር ጻፍሁ፤ የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛዋም አንብባ ስልኬን መዝገቡ ላይ አሰፈረችልኝ።