የአጂቴትድ ታካሚ አያያዝ ስልጠና፦ ከሶስት ወር በኋላ የምለው

ኢመርጀንሲ ውስጥ አጂቴት ያደረገ፣ ማለትም በጣም ተረብሾ የሚጮህ የሚታገል አዋቂ ታካሚን እንዴት እንደምንይዝ የሚያስተምረውን የሁለት ቀን ስልጠና ከወሰድኩ ሶስት ወር ሆነኝ፣ ቶሎ ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው፣ በማግስቱማ ሁሉም ስልጠና ጥሩ ይመስላል፣ ፈረቃ ላይ ሞክሬው ልጻፍ ብዬ ነው። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ።

ለምን እንደሄድኩ ልንገራችሁ። ነርስ ነኝ። አንድ ሌሊት እየተሳደበ እየተማታ የመጣ ሰው ነበር፣ አፉ አልኮል አልኮል ይሸታል፣ ያመጡት ሰዎች "ሰክሮ ነው" አሉ እኛም ሰክሮ ነው አልን፣ ይዘን አሰርነው። ድምፁ ሲጠፋብን ነው አንዷ ልጅ ስኳሩን የለካችው፣ 31 ነበር፣ በጣም ወርዶ። ግሉኮስ ሲገባለት ቀና ብሎ "የት ነው ያለሁት?" አለ። ተርፏል እግዚአብሔር ይመስገን፣ ግን ግራ እጁን ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ ያ ነገር ከውስጤ አልወጣም።

ስልጠናው ደግሞ የጀመረው ልክ እዛ ቁስሌ ላይ ነው። አጂቴሽን ምልክት ነው እንጂ ጸባይ አይደለም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ስኳር፣ ኦክስጅን፣ ሙቀት፣ ሌላውም ቫይታል ሳይን (የልብ ምት፣ ትንፋሽ፣ የደም ግፊት)። ከዛ ጭንቅላቱን ተመቶ ይሆን? ኢንፌክሽን አለው? መጠጥ ካቆመ ስንት ቀኑ ነው? ምን መድኃኒት ወሰደ? በተለይ የአእምሮ ህመም ታሪክ ኖሮት የማያውቅ ትልቅ ሰው በድንገት ሲረበሽ፣ ወይ ትኩሳት ሲኖረው፣ ወይ አንዴ ነቃ አንዴ ፈዘዝ ሲል ወደ ሳይካትሪ ለመላክ አትቸኩሉ አሉን። ይሄን ብቻ ሰምቼ ብመለስም አይቆጨኝም ነበር።

በጣም የወደድኩት ግን የማናገሩ ልምምድ ነው። ታካሚ ሆነው የሚተውኑ ሰዎች አምጥተው እውነት እስኪመስለን ጮሁብን። የሚያናግረው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ሌላው ዝም። ቢያንስ የተዘረጋ እጅ ሁለት እጥፍ ያህል መራቅ፣ እጅ እንዲታይ ማድረግ፣ በሩን አለመዝጋት፣ እሱም እኛም መውጫ እንዲኖረን። አጭር ነገር ተናግሮ መጠበቅ፣ ካልገባው ያንኑ መድገም። "ተረጋጋ!" የምንላት ቃል ደግሞ ሰውን ይበልጥ እንደምታስቆጣ እዛ ነው ያየሁት፣ በሷ ፋንታ "ምን ላድርግልህ?" ሲባል ትከሻው ወረድ ይላል። ምርጫም ስጡት፣ ቁጭ ብለህ ነው ወይስ ቆመህ የምናወራው፣ ውሃ ላምጣልህ፣ እውነተኛ ምርጫ ግን፣ የማትፈጽሙትን ቃል አትግቡ።

የመድኃኒቱ ክፍል ፈጠን ያለ ቢሆንም ግልጽ ነበር። እሺ ካለ መጀመሪያ በአፍ የሚወሰድ ይቀርብለታል። መጠጥ በማቆም ወይም በአነቃቂ እጽ ለተረበሸ የነሎራዜፓምና ሚዳዞላም ወገን (ቤንዞዳያዜፒን የሚባሉት ማረጋጊያዎች)፣ አልኮል ጠጥቶ ገና ለሰከረ ግን እነሱ ትንፋሽ ስለሚያፍኑ ሃሎፔሪዶል የሚባለው ሌላ ማረጋጊያ ይሻላል። ኦላንዛፒን የሚባለውን ማረጋጊያ በጡንቻ ስትሰጡ በመርፌ ከሚሰጥ ቤንዞዳያዜፒን ጋር አብራችሁ አትስጡ። ለአዛውንት ዶዙ በጣም ዝቅ ይላል። ሃሎፔሪዶል ብቻውን ለመስራት 20 እና 30 ደቂቃ ሊወስድ ስለሚችል በ5 ደቂቃ "አልያዘውም" ብሎ መድገም አደጋ ነው፣ እኛ ጋ ስንቴ ተደርጓል መሰላችሁ! ከመርፌው በኋላ ደግሞ ተኛ ተገላገልን ብሎ መሄድ የለም፣ ኦክስጅኑንና ትንፋሹን መከታተል ነው።

ሰርቶልኛል ወይ ላላችሁኝ፣ ባለፈው አንድ አዛውንት ካኑላቸውን (ደም ስራቸው ውስጥ የገባውን ቱቦ) ነቅለው ከአልጋ ሊወርዱ ሲታገሉ መርፌ እየተዘጋጀላቸው ነበር። ጠጋ ሳልል ዝቅ ብዬ "አባቴ ምን ቸገረዎት?" አልኳቸው፣ መልስ የለም፣ ደግሜ ጠየቅኳቸውና ጠበቅኩ፣ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አደረጉ። ፊኛቸው ጢም ብሎ ሞልቷል። ካቴተር (ሽንት የሚያወጣ ቱቦ) ሲገባላቸው ያለ ምንም መርፌ እንቅልፍ ወሰዳቸው። እንባዬ መጣ እውነት ለመናገር።

አንዷን ኮከብ የቀነስኩት በማሰሩ ክፍል ነው። የመጨረሻው ቀን ከሰዓት፣ ሁሉም ደክሞት፣ 40 ደቂቃ ብቻ፣ 24 ሰው ለአንድ አልጋ፣ እኔ ተራ እንኳን አልደረሰኝም። ሰው የሚጎዳው እኮ እዚህ ላይ ነው። አምስት ሰው እንደሚያስፈልግ፣ አራቱ እጅና እግር አንዱ ጭንቅላት፣ በጀርባ አስተኝቶ ራስጌውን ከፍ ማድረግ፣ በሆድ በፍጹም እንደማይተኛ፣ ደረት ላይ ማንም እንደማይጫን፣ የጣቶቹ ደም ዝውውር በየ15 ደቂቃው እንደሚታይ ነግረውናል፣ ግን በጆሮ የሰማሁትን እጄ አያውቀውም። ሙሉ ግማሽ ቀን ይገባዋል።

ሌላው ጥበቃዎች አለመጋበዛቸው ነው። በር ላይ ቀድመው የሚያገኙት እነሱ ናቸው፣ እነሱ አንዴ ጎትተው ካስገቡት እኔ ምን ብዬ ባናግረው ይሰማኛል?

መሄድ ያሰባችሁ ብቻችሁን አትሂዱ፣ አብሯችሁ ፈረቃ የሚገባ ሐኪምና ጥበቃ ይዛችሁ ሂዱ። አዘጋጆቹም ይሄን ካነበባችሁት አልጋ ጨምሩልን፣ እኔ ለማሰሩ ክፍል ብቻ ተመልሼ እመዘገባለሁ።