የእናቴን ንቅሳት ላላጠፋብኝ የፎቶ ባለሙያ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ስቱዲዮ ለሚሠራ ወጣት የፎቶ ኤዲቲንግ ባለሙያ ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ እወዳለሁ። ስሙ እንዲጻፍ ስላልፈለገ አልጠቀስኩትም፤ አድራሻውን የሚሻ ግን በውስጥ መስመር ቢጠይቀኝ በደስታ እሰጣለሁ።

ወላጆቼ ሁለቱም በሕይወት የሉም፤ አብረው የተነሡት ፎቶም የለም። የቀረን እርጥበት ያበላሸው የየብቻቸው ጥቁርና ነጭ ጉርድ ፎቶ ነው። አንድ ላይ አዋሕዶ የሚሠራልኝ ስፈልግ ቀድሞ የገባሁበት ቤት የእናቴን ፊት እንደ ሰም አለስልሶና አንጥቶ፣ በዕድሜዋ ረግጣው የማታውቀው የአበባ መናፈሻ ውስጥ ከተታት። ሌላው ደግሞ ቀብድ ተቀብሎ ሲያመላልሰኝ ከርሞ፣ የአንገቷን ንቅሳት ጨርሶ አጥፍቶ አስረከበኝ። ቅር መሰኘቴን ስነግረው «እንዲያውም አጽድቼልዎት ነው» አለኝ። እኔ እናቴን ያለ ንቅሳቷ አላውቃትም፤ እህቴም ፎቶውን አይታ አለቀሰች።

ይህ ወጣት ግን ገና ሥራውን ሳይጀምር ፎቶውን በኮምፒውተሩ አጉልቶ፣ የአንገቷን መስመሮች በጣቱ እየተከተለ፣ «እናትዎ ንቅሳት ነበራቸው? ይህቺ ነጥብ የንቅሳቱ ናት ወይስ የፎቶው እድፍ?» ብሎ ጠየቀኝ። እርግጠኛ አለመሆኔን ሲያይ የሚያውቅ ዘመድ እንዳመጣለት ለመነኝ። ከእናቴ ጋር አብራ የተነቀሰችው አክስቴ መጥታ ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ አንገቷን ስታሳየው፣ እሱ እያስተያየ እድፉን ብቻ አነሣ፤ መስመሮቹን አንድ በአንድ አተረፈ። ለዚህ ብቻ እንኳ ምስጋናዬ አያልቅም።

እናቴ አባቴን መጀመሪያ ያየችው በጥምቀት፣ በአፄ ፋሲል መዋኛ እንደሆነ ስነግረው ደግሞ ሐሳብ አመጣ። መዋኛው አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ስለሆነ፣ በቀሃ ወንዝ ውኃ ተሞልቶ ሳለ ጥር 11 ማለዳ ራሱ ያነሣውን ፎቶ ፈልጎ አወጣና ጥቁርና ነጭ አድርጎ ከኋላቸው አኖረው። ብርሃኑን ከፊታቸው ጋር እንዴት እንዳስማማው አይገባኝም፤ ብቻ ያየው ሁሉ አብረው የቆሙ ይመስለዋል። የቀሚሷ ጥልፍ ቀለም ስለማይታወቅ ቀለም በግምት ላለመቀባት ወሰነ። የቀድሞዎቹንም ፎቶዎች ሳይነካ ለየብቻ ቀድቶ ሰጠኝ፣ ይኸኛው የተቀናበረ መሆኑንም ለልጆቼ እንድነግራቸው አደራ አለኝ። ከተስማማንበት ዋጋ ሳንቲም አልጨመረም።

ኤዲቲንግ ፊት ማንጣት ብቻ የሚመስላችሁ፣ እባካችሁ የዚህን ልጅ ሥራ እዩ። በሣጥን ውስጥ እየጠፋ ያለ የወላጆቻችሁ ፎቶ ካለ ሳትዘገዩ ወደ እሱ ውሰዱ፤ ብዙ ስለሚጠይቅ ግን የሚያውቅ ትልቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ጥምቀት ሲቃረብ ሥራ ስለሚበዛበት ቀደም ማለቱ ይሻላል።