ካልተከፈተ ጠርሙስ የወጣ የላቦራቶሪ ውጤት

ማሽን ያላችሁ ሁሉ ይህን አንብቡ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ከትናንት በስቲያ የሎደሬ ሞተር ወረደ፤ ብሮንዚኑ፣ ማለትም የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ስስ ሽፋን፣ ተልጦ መዳቡ ወጥቷል።

«ዘይት እንመረምራለን» የሚሉትን ታውቋቸዋላችሁ። በፒክአፕ ሥራ ቦታ ድረስ ይመጣሉ፤ ንጹሕ ቱታ ለብሰው «ጋሼ፣ ማሽኑ በሠራ በየ250 ሰዓቱ ደህና ዘይት ለምን ይደፋሉ? እኛ አይተን ቀይሩ ስንልዎት ይቀይራሉ» ይላሉ። ምርመራው በራሱ ውሸት አይደለም። ዘይቱ ውስጥ ያለው ብረት፣ መዳብና እርሳስ የትኛው የሞተር ክፍል እየተበላ እንደሆነ ይናገራል፤ ሲሊከን ከጨመረ አቧራ እየገባ ነው። ይህን ስለማውቅ አመንኳቸው። ለአንድ ናሙና 4,500 ብር እየከፈልኩ በ200፣ በ400 እና በ550 ሰዓት ላይ ሰጠሁ። ሦስቱም ጊዜ «ደህና ነው፣ ይቀጥሉ» የሚል ባለማኅተም ወረቀት መጣልኝ።

ትናንት ወረቀቶቹን ይዤ ቢሯቸው ሄድኩ። ጸሐፊዋ ደረሰኝ ልታወጣ ቁምሳጥኑን ስትከፍት፣ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ሦስቱ ጠርሙሶቼ ተደርድረዋል። የገዛ እጄ ጽሑፍ ነው፤ ቀኑ፣ ማሽኑ የሠራው ሰዓት። እንዳይፈስ ብዬ ክዳኑ ላይ የጠመጠምኩት ሰማያዊ ፕላስተር እንኳን አልተነካም። አንዱን አንስቼ ሥራ አስኪያጁን «ይህ ምንድን ነው?» አልኩት። ከስልኩ ቀና ሳይል «ትርፍ ናሙና ይሆናል። ጋሼ፣ የላቦራቶሪ ነገር እርስዎ አይገባዎትም» አለኝ። ትርፍ! በየጊዜው አንድ ጠርሙስ ብቻ ነው የሰጠኋቸው። ጸሐፊዋ ቁምሳጥኑን በእግሯ ገፍታ ዘጋችው።

ማታ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። ብረት 18፣ መዳብ 4፣ ሲሊከን 6፤ ሦስቱም ላይ ያው ቁጥር! አንድ ዘይት ሳይቀየር 550 ሰዓት ሲሠራ ብረቱ እንዴት አይጨምርም? የድንጋይ ካባ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ አቧራ የሚውጥ ማሽን ሲሊከኑ ንቅንቅ አይልም? እኔ ግን የመጨረሻዋን መስመር ብቻ አንብቤ ኪሴ ስከት ነበር። መካኒኬ «ድምፁ ተቀይሯል» ሲለኝ «ላቦራቶሪው ከጆሮህ ይበልጣል» ብዬ ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ። ሞተሩን ሲፈታ አንድ ቃል አልተናገረኝም፤ እሱ ነው ከገንዘቡ በላይ ያቃጠለኝ።

የምታስመረምሩ ካላችሁ፣ ከጀሪካን የተቀዳ አዲስ ዘይት በአንድ ጠርሙስ ሞልታችሁ «400 ሰዓት የሠራ» ብላችሁ ጻፉበትና ከሌሎቹ ጋር ላኩት። ሞተር ውስጥ የሠራ ዘይት ውጤት ይዘው ከመጡ ዳግመኛ አትክፈሏቸው።