ለእማዬ ኢንሱሊን ፍለጋ፦ አዲስ አበባ ላይ የሞከርኳቸው አገልግሎቶች

ዘንድሮ ከሜሪላንድ ለሦስት ሳምንት እናቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። እማዬ ስኳር አለባት። በሄድኩ በአምስተኛው ቀን ኢንሱሊኗ ሊያልቅ ሲል ሁልጊዜ የምትገዛበት መድኃኒት ቤት «ለጊዜው የለም» አላት። ወላጅ ለመጠየቅ የምትሄዱ ከጠቀማችሁ ብዬ ያየሁትን ልጻፍ።

መጀመሪያ የስልኬን ካርታ ከፈትኩ። ፒያሳ አካባቢ አራት መድኃኒት ቤቶች አሳየኝ። የሁለቱ ስልክ አይሠራም። ሦስተኛው ጋ በእግሬ ስደርስ ቤቱ ራሱ የለም፤ በ2016 ዓ.ም. ኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ሰፈሩ ፈርሷል። ካርታው ላይ ግን ዛሬም «ክፍት ነው» ይላል። ቡና ፍለጋ ቢሆን ሌላ ቤት ይገባል፤ መድኃኒት ለሚፈልግ ግን እንዲህ ያለ መረጃ ግማሽ ቀን ያስጨርሳል። አድራሻ የሚያሰባስቡ ልጆች ከእያንዳንዱ ስም ጎን መቼ እንደተጣራ ቀኑን ቢጽፉልን ምንኛ በጠቀሙን።

መፍትሔው የመጣው ከጎረቤት ልጅ ነው። በሰፈሩ የቴሌግራም ቡድን ጠየቀችልኝ፤ ብዙም ሳይቆይ አንድ ሰው «አሁን ከከነማ ገዝቼ ወጣሁ፣ ቶሎ ድረሱ» ብሎ ቅርንጫፉን ነገረን። ከነማ የከተማው አስተዳደር መድኃኒት ቤት ነው። እዚያው ቡድን ውስጥ ግን «እኔ ጋ አለ፣ ላምጣላችሁ» ያሉም ነበሩ። እባካችሁ እንዲህ አትግዙ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፤ በማን ቦርሳ ስንት ሰዓት እንደዋለ አይታወቅም።

ለመሄድ ራይድ ጠራን። ደስ ያለኝ፣ እማዬ በቁልፍ ስልኳ 8294 ደውላ ራሷ መጥራቷ ነው። ስልኩን ያነሳችው ልጅ «እናቴ፣ ሰፈርዎ የት ጋ ነው?» አለቻት፤ እማዬም ቤተ ክርስቲያኑንና ወፍጮ ቤቱን ነገረቻት፤ መኪናው መጣ። ክፍያው በቴሌብር። ኢንተርኔት ቢጠፋም *127# ይሠራል።

እኔ በምኖርበት አገር 211 የሚባል ቁጥር አለ። የቤት ኪራይ ያቃተው፣ ምግብ ያጣ፣ አረጋዊ የሚያስታምም ሰው ይደውልና አስተርጓሚ ጭምር ተገኝቶለት የት እንደሚሄድ ይነገረዋል። እኛ ጋ ለአምቡላንስ የቀይ መስቀል 907 እና የጠብታ 8035 አሉ፤ ሁለቱንም በትልቁ ጽፌ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩላት። የጤና መድኑን ወረዳ ሄዳ ትጠይቃለች፣ ሌላውን የእድሩን ጸሐፊ።

ልመለስ ስል «ቤት መጥታ ስኳሬን የምትለካልኝ ነርስ ብፈልግስ ለማን ልደውል?» አለችኝ። እወረቀቱ ላይ የምጨምርላት ቁጥር አጣሁ።