የነዋሪዎች መኪና ማቆሚያ ፈቃድ፦ ከፍዬ ቦታ አጣሁ

ፈቃዱን ያወጣሁት ባለፈው ወር ነው። ማመልከቻው ቀላል ነው። ሊብሬና የአድራሻ ማስረጃ ስካን አድርጌ ላክሁ፣ በማግስቱ መጣልኝ። እዚህ ላይ አልዋሽም፣ ጎበዞች ናቸው።

ጉዱ ማታ ነው። ከሥራ ስመለስ ሰፈሩን ሦስቴ ዞርኩት። በመጨረሻ ሁለት መንገድ ርቄ አቆምኩና ዕቃዬን ተሸክሜ ወደ ቤት። ለካ ፈቃዱ ቦታ አያስይዝም፤ ቦታ የመፈለግ መብት ብቻ ነው! ይህን ያነበብኩት ከከፈልኩ በኋላ ነው፣ በደቃቃ ፊደል ከታች ተጽፎ።

አሁን ደግሞ ምክር ቤቱ ክፍያው ይጨመር አይጨመር እያለ ይከራከራል። ገብቼ ሰማሁ። አንዱ ለሁለተኛ መኪና ይወደድ አለ፤ እሱስ ያስኬዳል። ለስንት ቦታ ስንት ፈቃድ እንደተሸጠ ግን ማንም አላነሳም።

ከአምስት ኮከብ ሁለት። ሁለቱም ለማመልከቻው ፍጥነት።